የድመት ጥፍር ቤት ውስጥ መቁረጥ፦ ከማስነቀል በፊት የሚነሱ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ድመት ያለው ወዳጅ ሁሉ፣ ወይ ቡና ላይ ወይ በስልክ፣ አንድ ጥያቄ ያነሳብኛል፦ «ሶፋዬን ጨረሰችው፤ ጥፍሯን ላስነቅላት ወይ?» ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ደግሞ «ለድመት ጥፍር ይቆረጥላታል እንዴ?» ብለው ይገረማሉ። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ዳማ የምትባለውን ድመቴን ግን ገና ግልገል ሳለች ወስጄ በየሁለት ሳምንቱ ጥፍሯን እየቆረጥኩ አሳድጌአታለሁ። ከሐኪሞች የሰማሁትን፣ ያነበብኩትንና በእጄ የተማርኩትን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ጥፍር ማስነቀል ሲባል የሚነቀለው ምኑ ነው?

ቃሉ ራሱ ያሳስታል። «ማስነቀል» ሲባል ጥፍሩ ብቻ ወጥቶ ጣቱ እንዳለ የሚቀር ይመስላል። የድመት ጥፍር ግን የሚበቅለው ከጣቷ የመጨረሻ አጥንት ላይ ነው። ጥፍሩ ተመልሶ እንዳይበቅል ከተፈለገ አጥንቱ መሄድ አለበት። ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው የሚደረገው እያንዳንዱን ጣት ከመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ መቁረጥ ነው። እጅዎን ይመልከቱ። ከጥፍርዎ ዝቅ ብሎ ጣትዎ የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ አሥሩም ጣቶችዎ ከዚያ ላይ ቢቆረጡ እንደማለት ነው።

ድመት በእያንዳንዱ የፊት እግሯ 5፣ በእያንዳንዱ የኋላ እግሯ 4፣ በድምሩ 18 ጥፍር አላት። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት የፊቶቹ ስለሆኑ 10 አጥንት ይቆረጣል ማለት ነው። በምላጭ ይሠራ፣ በመቀስ መሰል መቁረጫ ይሠራ፣ በሌዘር ይሠራ ልዩነት የለውም። ሌዘር የሚፈሰውን ደም ይቀንሳል እንጂ የሚወጣው ያው አጥንት ነው። «የእኛ ዘመናዊ ነው» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይህን ያስታውሱ።

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ደግሞ ድመት የምትራመደው እንደ እኛ በውስጥ እግሯ ሳይሆን በጣቶቿ መሆኑ ነው። የጣቷ ጫፍ ሲወሰድ አረማመዷም የሰውነቷ ክብደት የሚያርፍበት ቦታም ይለወጣል።

ቁስሉ ከዳነ በኋላስ ችግሩ ያበቃል?

ለአንዳንዶቹ አዎ፤ ለብዙዎቹ ግን አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት 274 ድመቶችን መርምሮ ነበር፤ ግማሾቹ ጥፍራቸው የተነቀለ፣ ግማሾቹ ያልተነቀለ። የተነቀለባቸው የጀርባ ሕመም በብዛት ታይቶባቸዋል፣ ከመጸዳጃ አሸዋቸው ውጭ ይጸዳዳሉ፣ ይነክሳሉ። ከተነቀለባቸው 63 በመቶ በሚሆኑት ጣት ውስጥ ደግሞ በራጅ ሲታይ የተረፈ የአጥንት ስባሪ ተገኝቷል። ስባሪው በየእርምጃው እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ይወጋል፤ ከእሱም ላይ የተጣመመ ጥፍር ከቆዳው ሥር ሊበቅል ይችላል።

ከአሸዋው ውጭ መጸዳዳት ለምን ይመጣል ቢባል፣ ቁስለኛ ጣት አሸዋ መቆፈር ስለሚያመው ነው። ድመቷ ሕመሙን ከአሸዋው ጋር ታያይዘዋለች፤ ከዚያ ምንጣፉ ይሻለኛል ትላለች። አንዲት ጎረቤቴ ሜሪላንድ ውስጥ ማስነቀልን የሚከለክለው ሕግ ሳይወጣ በፊት አስነቅላ ነበር፤ ሶፋውን ለማዳን ብላ ምንጣፉን ሦስት ጊዜ ቀየረች። ያሳዘነኝ ምንጣፉ አይደለም። ድመቷ አልጋ ላይ ለመውጣት ስትፈልግ እግሯን ከፍ አድርጋ ትንሽ ታስብና ትተወው ነበር።

መናከሱም ምክንያት አለው። ጥፍር የድመት የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲወሰድባት የሚቀራት ጥርስ ነው። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ጠልቆ ይገባል፤ ቁስሉ ላይ ላዩን ትንሽ መስሎ ውስጥ ውስጡን ያመረቅዛል። ለልጆቻቸው ብለው የሚያስነቅሉ ወላጆች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት እወዳለሁ።

በምኖርበት አገር ይፈቀዳል?

የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ነገሩ አልቋል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ዋሽንግተን ዲሲ በ2023፣ ቨርጂኒያ በ2024 ከልክለዋል። ከክፍለ ግዛቶች ቀዳሚዋ ኒው ዮርክ ናት፤ በ2019። ከከተሞች ዌስት ሆሊውድ በ2003 ጀመረች፤ ሎስ አንጀለስ በ2009፣ ዴንቨር በ2017 ተከተሉ። ማሳቹሴትስ በ2025 ገብታለች። ቴክሳስ በክፍለ ግዛት ደረጃ የሚከለክል ሕግ የላትም፤ ኦስቲን ከተማ ግን በ2021 ከልክላለች። እነዚህ ሕጎች ለድመቷ ጤና ሲባል የሚደረገውን፣ ለምሳሌ ጣቷ ላይ ዕጢ ሲወጣ፣ አይከለክሉም።

እስራኤል ያላችሁ፣ ክኔሴቱ (ፓርላማው) በ2011 ባወጣው ሕግ ድርጊቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ያስቀጣል። አውሮፓ ውስጥ ከ1987ቱ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ጀምሮ ውግዝ ነው፤ እንግሊዝም አትፈቅድም። ብዙ የአውሮፓ ሐኪሞች በሥራ ዘመናቸው አንድም ቀን ሠርተውት አያውቁም።

ተከራይ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ አከራይ «ድመትህን ካላስነቀልክ አላከራይህም» ማለት ከ2013 ጀምሮ አይችልም።

መቁረጥ ብቻ ማስነቀልን ይተካል?

በሚጎዳው በኩል ይተካል። ሶፋ የሚቀድደው፣ ቆዳ የሚሰነጥቀው፣ ጋቢ ውስጥ ገብቶ ክሩን የሚመዘው የጥፍሩ ጫፍ ነው፤ እንደ መንጠቆ የታጠፈችው ቀጭን ጫፍ። እሷ ከተቆረጠች ድመቷ እጅዎን ብትመታዎት እንኳ የሚሰማዎት ግፊት ብቻ ነው።

መቧጨሯን ግን አያስቆመውም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ይህ አመል ክፋት አይደለም። ድመት የምትቧጭረው ያረጀውን የጥፍር ቅርፊት ለመጣል፣ ጀርባዋንና ትከሻዋን ለማፍታታት፣ እንዲሁም መዳፏ ላይ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣውን ጠረን ዕቃው ላይ ለመተው ነው። «ይህ ቤት የኔ ነው» የምትልበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ ጫፉን መቁረጥ፣ መቧጨሪያም መስጠት። አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የተወ ሰው ነው «ሞክሬው አልሠራም» የሚለኝ።

(ወለል ላይ ባዶ የጥፍር ቅርፊት አግኝተው የሚደነግጡ አሉ። አይደንግጡ፤ ጥፍሯ አልወለቀም። የላይኛው ንብርብር ወድቆ ከሥሩ አዲሱ ወጥቶ ነው።)

ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

የሚበዛ ነገር የለም። ለድመት ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ መቀስ መሰል መቁረጫ ካገኙ ጥሩ ነው። ካላገኙ የሰው ጥፍር መቁረጫ ይሠራል፤ ለድመቷ ብቻ የተለየ፣ ስለቱም አዲስ ይሁን። የደነዘዘ መቁረጫ ጥፍሩን ይጨፈልቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ ድመቷም ሕመሙን አትረሳውም። የወጥ ቤት መቀስ አይጠቀሙ።

ከዚያ ፎጣ፣ ትንሽ የበቆሎ ዱቄት ወይም የስንዴ ዱቄት በቡና ሲኒ (ደም ቢወጣ ለማቆም)፣ እና የምትወደው ነገር። የተቀቀለ ዶሮ በጣም በቂ ነው። ከዶሮ ወጥ የተረፈ ሥጋ ግን በፍጹም አይስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ናቸው፤ የቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሱባታል። «ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋታል» የሚባለው በየቤታችን የለመድነው ስለሆነ ነው ጠንከር አድርጌ የምናገረው።

የት ድረስ ነው የሚቆረጠው?

ጥፍሩን በብርሃን ፊት ሲያዩት ከሥሩ በኩል ሮዝ ቀለም ያለው ሦስት ማዕዘን ይታያል። እሱ ሕያው ነው፤ የደም ሥርና ነርቭ አለበት። ከእሱ በኋላ ያለው ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍል ግን እንደ እኛ ጥፍር ጫፍ ስሜት የለውም። የሚቆረጠው ይህ ነጩ ነው። ከሮዙ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይራቁ። የታጠፈችውን ጫፍ ብቻ ካነሱ በቂ ነው፤ ማሳጠር አያስፈልግም። ጀማሪ ሁልጊዜ ትንሽ ቢያስቀር ይሻላል፤ ከሳምንት በኋላ ይመለሱበታል።

አንዳንድ ድመቶች ጥቁር ወይም ቡናማ ጥፍር ስላላቸው ሮዙ አይታይም። የስልክዎን መብራት ከጎን ቢያበሩበት ጥላው ይለያል። ካልታየዎት መንጠቆው መታጠፍ ከሚጀምርበት በኋላ ያለውን ቀጭን ጫፍ ብቻ ይንኩ።

በፊት እግሯ ውስጠኛ ጎን፣ ከፍ ብላ የምትገኝ አንዲት ጥፍር አለች፤ እንደ አውራ ጣት ናት። መሬት ስለማትነካ አታልቅም። ሰው ሁሉ የሚረሳት እሷን ነው፤ ዞራ ሥጋ ውስጥ የምትገባውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ድመቴ እግሯን ማስነካት አትወድም። እንዴት ልጀምር?

መቁረጫውን መሳቢያ ውስጥ ትተው ነው የሚጀመረው። ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ቀን 18ቱንም ልጨርስ ብሎ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ዳማን በጉልበት ይዤ ስጣደፍ ሦስተኛው ጥፍር ላይ ሮዙን ነካሁት። ደም ወጣ፣ አልጋ ሥር ገባች፣ ለአንድ ሳምንት መዳፏን ሳይ እንኳ ትሸሸኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት የሚከተለውን ነው፤ ለሌሎችም ሠርቷል።

በልታ ጠግባ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርራ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ይጠጓት። መዳፏን በጣትዎ ይንኩና ወዲያው ይልቀቁ፤ ቁራጭ ዶሮ ይስጧት። በቃ፤ የዕለቱ ሥራ አልቋል። በማግስቱ ትንሽ ቆየት አድርገው ይያዙት። እግሯን ከሳበች አብረዋት ይሂዱ እንጂ አይጎትቱ፤ ከጎተቱ ትግል መሆኑን ትማራለች። ሦስት አራት ቀን እንዲህ ካለፈ በኋላ አውራ ጣትዎን ከላይ፣ ሌባ ጣትዎን ከመዳፏ ሥር አድርገው ቀስ ብለው ይጫኑ። ጥፍሩ ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ይልቀቁት፤ ያብሏት።

ቀጥሎ መቁረጫውን ያምጡና ታሽትተው። ያልተቀቀለ ፓስታ ይዘው አጠገቧ ቀጭ፣ ቀጭ ያድርጉ፤ ድምፁን ትልመደው። ከእያንዳንዱ ቀጭታ በኋላ ያብሏት። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ አሉ፤ ግን ብዙ ድመት የሚያስደነግጣት መቆረጡ ሳይሆን ድምፁ ነው።

ከዚያ አንድ ጥፍር። አንድ ብቻ። ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ጀርባዋን ወደ ሆድዎ ያድርጉ፤ ፊት ለፊት አይተያዩ። ይጫኑ፣ ሮዙን ይዩ፣ በአንድ ጊዜ ቀጭ ያድርጉ፣ ያብሏት፣ ይልቀቋት። ጭራዋን በኃይል መወዝወዝ ወይም ጆሮዋን ወደ ኋላ ማስተኛት ከጀመረች ሳትቆጣ ያቁሙ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ሙሉ እግር በአንድ ጊዜ የምታስቆርጥ ድመት ትኖርዎታለች። ግልገል ከሆነች ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል፤ ለዚህ ነው ገና በሁለትና በሦስት ወሯ ጀምሩላት የምለው።

ፈጽማ እምቢ ካለችስ?

አንድ ሰው በፎጣ ጠቅልሎ ይያዝ፤ አንገቷ ብቻ ይውጣ፤ ሌላው አንድ እግር ብቻ አውጥቶ ይቁረጥ። ጥቅሉ ጠበቅ ይበል እንጂ አያፍናት። አንዳንድ ድመት ፎጣው ያረጋጋታል፤ አንዳንዷ ይብስባታል። ከባሰባት ይተዉት።

የአንገቷን ቆዳ ይዞ ማንጠልጠል በአገራችን የተለመደ ነው፤ እናት ድመት ልጇን እንዲያ ትይዛለች ይባላል። እናት የምትይዘው ግን የሳምንታት ዕድሜ ያለውን ግልገል ነው። ትልቅ ድመት እንዲያ ስትያዝ ዝም የምትለው ስለፈራች እንጂ ስለተረጋጋች አይደለም።

በቀን ሁለት ጥፍር ብቻ ብትቆርጡ በ5 ቀን የፊቶቹ አሥሩ ያልቃሉ። ይህም ካልሆነ የእንስሳት ክሊኒክ በትንሽ ክፍያ ይቆርጡላችኋል፤ ቴክኒሺያኖቹ ሲሠሩ ቆማችሁ ብታዩ ብዙ ትማራላችሁ። በጣም ለምትጨነቅ ድመት ሐኪሙ ከጉዞ በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ ሊያዝ ይችላል።

ከራስዎ መድኃኒት ሳጥን ግን ምንም አይስጧት። በተለይ ፓራሲታሞል፣ ፓናዶል ብለን የምንጠራው፣ ድመት ይገድላል። ግማሽ ፍሬም ቢሆን። የድመት ጉበት ሊያስወግደው አይችልም።

ደም ቢወጣ ምን ላድርግ?

አይጩኹ፤ ከእርስዎ ድንጋጤ ነው እሷም የምትደነግጠው። የጥፍሩን ጫፍ ሲኒው ውስጥ ካለው ዱቄት ላይ ይጫኑት፤ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጫን አድርገው ይያዙት። ደም የሚያቆም ልዩ ዱቄት በእንስሳት ዕቃ መደብር ይሸጣል፤ ይሠራል፣ ግን ያቃጥላታል። ብዙ ጊዜ በ5 ደቂቃ ይቆማል። በ20 ደቂቃ ካልቆመ፣ ወይም በማግስቱ ካነከሰች ወይም ጣቷ ካበጠ፣ ሐኪም ይያት። የዚያን ቀን ሌላ ጥፍር አይቆረጥም።

በየስንት ጊዜው?

ቤት ለምትውል ድመት በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ። የግልገል ጥፍር ፈጥኖ ይሾላል፤ በየሳምንቱ ይዩት። የኋላ እግር ጥፍሮች ደንዝዘው ስለሚኖሩ በወር አንዴ ማየት ይበቃል፤ ብዙዎቹ ጭራሽ መቆረጥ አያስፈልጋቸውም።

ያረጀች ድመት ለየት ትላለች። መገጣጠሚያዋ ስለሚያማት መቧጨር ትቀንሳለች፤ አሮጌው ቅርፊት ሳይወድቅ ይደራረባል፤ ጥፍሩ ይወፍራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻም መዳፏ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ከ10 ዓመት በላይ ከሆነች በየሳምንቱ መዳፏን ገልብጠው ይመልከቱ። ገብቶ ካገኙት ቤት ውስጥ አይነቅሉት፤ የሐኪም ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ነኝ፤ ድመቴ ደጅ ትወጣለች፣ አይጥ ትይዛለች። ልቁረጥላት?

አይቁረጡላት፤ ይህ የኔ ምክር ነው። ለደጅ ድመት ጥፍር ኑሮዋ ነው። ውሻ ሲያባርራት ዛፍ ወይም አጥር ላይ የምትወጣበት፣ አይጧን የምትይዝበት፣ ከሌላ ድመት ጋር ስትገጥም ራሷን የምታድንበት። መሬትና ዛፍ ላይ ስለምትውልም ጥፍሯ በራሱ ያልቃል። ልጅ የሚቧጭር ከሆነ የፊቶቹን ጫፍ ጫፍ በጣም ጥቂት ማንሳት ይቻላል፤ የኋላዎቹን ፈጽሞ አይንኩ፤ ለመውጣትና ለመዝለል የምትረግጠው በእነሱ ነው። ማስነቀል ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቷ ድመት ከቤት አውጥቶ ለውሻ እንደመስጠት ነው።

መቧጨሪያ ሲገዛላት አትነካውም፤ ሶፋው ላይ ነው የምትሄደው። ለምን?

መልሱ ብዙ ጊዜ ቁመቱና ቦታው ነው። ድመት ስትቧጭር ሙሉ ቁመቷን ተዘርግታ በክብደቷ መጎተት አለባት። ሱቅ የሚሸጠው አጭሩ እንጨት ግን ግማሽ ቁመቷን ነው፤ ስትጎትተውም ይንገዳገዳል። አንድ ጊዜ ከወደቀባት አትመለስበትም። ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ መሠረቱ ከባድ የሆነ ይፈልጉ።

መግዛት አያስፈልግም። አንድ ወፍራም እንጨት፣ ሰፊ ጣውላ መሠረት፣ ከዚያ ቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርጎ መጠምጠም። ቃጫ ድመት ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ነው፤ አሜሪካ «ሲሳል» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ያው ነው፤ አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶ በርካሽ ታገኙታላችሁ። ሲበጫጨቅ አትጣሉት፤ የተበጫጨቀው ነው የእሷ የሆነው።

ቦታው፦ ጓዳ ውስጥ ደብቀው አያስቀምጡት። የምትቧጭረው ሶፋ አጠገብ ያቁሙት፤ ወይም ከምትተኛበት አጠገብ፤ ድመት ከእንቅልፍ ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው መዘርጋትና መቧጨር ነው። በሶፋው ማዕዘን ላይ ለጊዜው በሁለት ወገን የሚያጣብቅ ፕላስተር ወይም ፎይል ያድርጉበት፤ መዳፏ ሲጣበቅ ትጠላዋለች። ቃጫውን መጠቀም ከለመደች በኋላ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር እያራቁ ወደሚፈልጉት ቦታ ያዛውሩት። ምንጣፍ የምትቧጭር ከሆነች ቁመት ያለውን ሳይሆን ወለል ላይ የሚነጠፍ ካርቶን መቧጨሪያ ነው የምትፈልገው። የኔዋ መሶብ ላይ ሙጭጭ ብላ ነበር፤ የስፌቱ ሻካራነት ይመስለኛል የሳባት። መሶቡን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬ በቦታው ቃጫ ሳኖርላት ተወችው።

እጅዋን ይዘው እንጨቱ ላይ አያሹ። አይምቷትም፤ የተመታች ድመት መቧጨሩን አትተውም፣ እርስዎ በሌሉበት ታደርገዋለች።

ሕፃን ልጅ አለን፤ እናቴም ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። እነሱን ለመጠበቅ ማስነቀል አይሻልም?

ሥጋቱ ይገባኛል፤ ቀላል አይደለም። ግን የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ድርጊቱን አያበረታታም፤ የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ አጥብቆ ይቃወመዋል። የሚመከረው ጥፍሩን መቁረጥ፣ ቁንጫ ማጥፋት፣ ከተቧጨሩ ወዲያው በሳሙና መታጠብ ነው።

ቁንጫ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከድመት ጭረት የሚመጣው ትኩሳትና የንፍፊት እብጠት የሚያስከትለው ባክቴሪያ ጥፍሩ ላይ የሚገኘው ከቁንጫ እዳሪ ነው። ቁንጫ የሌላት ድመት ሥጋቷ እጅግ ይቀንሳል። ከጭረት በኋላ በሳምንታት ውስጥ ብብት ወይም አንገት ሥር እብጠት ከታየ ለሐኪም «ድመት ቧጭሮኛል» ማለት አይርሱ።

ነፍሰ ጡሮች የሚፈሩት ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከጥፍር አይመጣም፤ ከእዳሪ ነው። አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረግላት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ከባድ ጉዳይ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። በአብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች። ክትባት ያልወሰደች ወይም የማትታወቅ ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች፣ ጭረቱ ትንሽ ቢመስልም፣ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

የፕላስቲክ የጥፍር ሽፋንስ?

በማጣበቂያ ጥፍሩ ላይ የሚደረግ ለስላሳ ሽፋን ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይና ከአሮጌው ቅርፊት ጋር ይወድቃል። መጀመሪያ ጥፍሩ መቆረጥ አለበት፤ ስለዚህ ከመቁረጥ አያድንም። ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ቤት ውስጥ አራስ ካለች፣ ይጠቅማል። ደጅ ለምትወጣ ድመት አይሆንም።

ጅማቱን ብቻ መቁረጥ የሚባል አለ፤ እሱ አይሻልም?

አይሻልም። ጥፍሩ ይቀራል፣ ድመቷ ግን ልታወጣው አትችልም። መቧጨር ስለማትችል ጥፍሩ ይወፍራል፤ ዕድሜ ልኳን እርስዎ መቁረጥ ይኖርብዎታል። በመቁረጥ ለሚያልቅ ነገር ለምን ቢላዋ ይጨመራል?

ከመጠለያ የወሰድኳት ድመት ቀድሞ ጥፍሯ የተነቀለ ነው። ምን ላድርግላት?

ደጅ አትልቀቋት፤ መውጫም መከላከያም የላትም። አሸዋዋን ወደ ለስላሳው፣ ደቃቁ ይቀይሩት፤ ጠጠር መሰሉን አይግዙ። የተቆራረጠ ወረቀት ለአንዳንዶቹ ይስማማቸዋል። ሶፋና አልጋ ላይ ለመውጣት ደረጃ መሰል ነገር ያኑሩላት።

መዳፏን ሲነኩት የምትቆጣ ከሆነ፣ መዝለል ከቀነሰች፣ እግሯን እያራገፈች ከተራመደች ወይም መዳፏን አብዝታ ከላሰች ያማታል ማለት ነው። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ አታለቅስም። ሐኪሙን የመዳፏን ራጅ እንዲያነሳ ይጠይቁት፤ የአጥንት ስባሪ ከተገኘ ማውጣት ይቻላል፣ ለሕመሙም የሚሰጥ መድኃኒት አለ። የኋላ እግሮቿ ጥፍሮች ግን ብዙ ጊዜ በቦታቸው ናቸው፤ እነሱን እየተመለከቱ ጫፋቸውን ሲያስፈልግ ያንሱላት። የፊት እግሯን ስትዘረጋ ባዶውን መዳፍ ሶፋው ላይ ስትጎትት ካዩም አይከልክሏት። ጀርባዋን እያፍታታች ነው።